የምንከፍልበት ማኅበር ታሪኩ ይነገረን

ለ፦ በየክልሉና በከተማ አስተዳደሩ ለምትገኙ የመምህራን ማኅበራት ሥራ አስፈጻሚዎች
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር፤ በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ መምህራን
ጉዳዩ፦ የማኅበሩ ታሪክ ሳይቆራረጥ እንዲጻፍና አባልነት በፊርማ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን የሚጽፍላችሁ አባላችሁ ነው። አባል መሆኔን ያወቅሁት ግን ከፔሮል ላይ ነው። ግብሩን አወቅሁት፣ የጡረታውን አወቅሁት፣ አንዱ ተቆራጭ ግን ግራ ገባኝ። ብጠይቅ «የማኅበር ነው» ተባልኩ። የሞላሁት ቅጽ የለም፣ ፈርም ያለኝም የለም። ብሩ ትንሽ ስለሆነ ዝም አልኩ፤ አብዛኞቻችን ዝም ብለናል። በኋላ ስጠያይቅ፣ በእኛ ስታፍ ካሉት ወጣት መምህራን መካከል ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተ የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። የወረዳ ሊቀ መንበራችን ማን እንደሆነ የሚያውቁትም ጥቂት ናቸው። የመዋጮውን መጠን ግን ሁሉም በሳንቲም ይነግራችኋል።

ማኅበሩን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ነው እልህ የያዘኝ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ድርጅት እንዴት አባላቱ ዘንድ እንደ ውሃ ቆጣሪ ኪራይ የሚታይ ሆነ? መልሱ በከፊል እናንተ ታሪኩን የምትነግሩበት መንገድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በዓል ሲከበር ይነበብልናል። ባነበብኳቸው የበዓል መጽሔቶች «ማኅበራችን አንጋፋ ነው» ይባላል፣ ከዚያ የ1966ቱ አድማ በሁለት መስመር ይነሣል፣ ከዚያ ዘለው የአዳራሽ ግንባታና የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ይገባሉ። በመሀል ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት የለም። ደግሞ የሚገርመው፣ የተዘለለው ዘመን ነው ማኅበሩ ዛሬ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በ1941 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መምህራን ማኅበር አቋቋሙ። ዘመኑን አስቡት። ጣሊያን ከወጣ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። የተማረው ትውልድ በጦርነቱና በወረራው ተመናምኗል። ከትምህርት ቤቶቹ መምህራን መካከል ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንኳን የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1943 ነው። የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን የመጣው በ1955። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ፣ ከሠራተኛው ኮንፌዴሬሽን ቀድሞ ተደራጅቷል ማለት ነው። ይህን ለአንድ ጀማሪ መምህር በመጀመሪያ የሥራ ሳምንቱ ብትነግሩት ምን ይሰማው ነበር?

በዚያው በ1955 ደግሞ ኢትዮጵያ ሁለቱን ትልልቅ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች አጸደቀች። ቁጥር 87 ስለ መደራጀት ነጻነት፣ ቁጥር 98 ስለ መደራጀትና በኅብረት ስለ መደራደር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዟቸው፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ማኅበሩ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሚለውን ስም ይዞ አገር አቀፍ ሆነ።

አሁን ወደ 1966። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ቆመዋል። የመምህራኑ አንዱ ጥያቄ ደመወዝ ነበር፤ ይህ ለዓመታት ሲንከባለል የመጣ ነው። ሁለተኛው ግን ስለ ኪሳቸው አልነበረም። «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የሚባል የጥናት ሰነድ ወጥቶ ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ ሰነዱ ትምህርትን ወደ ገጠር ለማስፋት ያለመ ነበር። ነገር ግን ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ጥቂቱ ይሁን የሚል ሐሳብ ነበረበት። ወላጅ የሰማው ይህንን ነው። የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የጌታው ልጅ ግን ይቀጥል ማለት ነው ብሎ ተረዳው።

አድማው ጉልበት ያገኘው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የጠየቀው ወላጁም የሚጠይቀውን ነበር። ተማሪው ወጣ፣ ከተማው ተነሣ፣ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ የራሱን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። መንግሥት ሪቪውን አቆመ፣ የቤንዚን ዋጋም ቀነሰ። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ይህን ሁሉ መምህራን አደረጉት አልልም፤ የወታደሩ ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ማኅበሩ ሰነድ አንብቦ፣ ለሕዝብ አስረድቶ፣ ፖሊሲ አስቁሟል። ዛሬ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ፣ የፈተና አሰጣጥ ሲቀየር፣ የወላጅ ጥያቄ ይዞ የሚወጣ የክልል ማኅበር ስንት ጊዜ አይተናል? እኔ በበኩሌ አስታውሳለሁ ለማለት ይቸግረኛል።

ከዚያ ደርግ መጣ። መምህሩ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከተማሪው ጋር ገጠር ወረደ። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ትልቁን ሸክም የተሸከመው እሱ ነው፤ ዩኔስኮ አገሪቱን የሸለመበት ሥራ ነው። በሁለቱ መሀል ደግሞ ቀይ ሽብር አለ። ከተገደሉት፣ ከታሰሩትና ከተሰደዱት መካከል መምህራን ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ራሱ የፓርቲው ክንፍ ከሆኑት የብዙኃን ማኅበራት አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። በየክልላችሁ የተገደሉ መምህራን ስም ዝርዝር አላችሁ ወይ? ካላችሁ የት ተለጥፏል? ያ ትውልድ እያለፈ ነው። በየወረዳው ያሉ ጡረተኛ መምህራንን መጠየቅ የሚቻለው ዛሬ ነው፤ አሥር ዓመት ብንጠብቅ አናገኛቸውም።

የበለጠ የምትፈሩት ግን ከ1983 በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ እኔ ልናገረው፤ ሁሉም በአደባባይ የተመዘገበ ነገር ነው።

በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 40 ያህል መምህራን ተባረሩ። ከእነሱ አንዱ ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ነበሩ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኑ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ነባሩ እኔ ነኝ አለ። ሌላው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ በመንግሥት ዘንድ ዕውቅና አገኘ። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ዶ/ር ታዬ በ1988 ታሰሩ፣ በ1991 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፣ በ1994 ተለቀቁ። የነባሩ ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። እሳቸው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም የአመራር አባል ነበሩ።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ገብቶ ዓመታት ፈጀ። በሰኔ 2000 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ስሙንና ንብረቱን ለሁለተኛው ወገን ወሰነ። ነባሩ ወገን ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር በሚል ስም ልመዝገብ ብሎ አመለከተ፤ ተከለከለ። ጉዳዩ ጄኔቫ ደረሰ። የዓለም የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ ማኅበሩ እንዲመዘገብ በተደጋጋሚ አሳስቧል። ቁጥር 87ን ያዟት ያልኩት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ1955 የፈረመችው ወረቀት ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ በመምህራን ስም ተመዞ ወጣ።

የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ሐሳብ የለኝም ማለቴ አይደለም፣ አለኝ። ግን ዛሬ ከሁለቱም ወገን የነበሩ መምህራን በአንድ ስታፍ ሩም ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለዚያ ጊዜ ግን አይነጋገሩም። አዲሱ መምህር ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይሰማል፦ «ማኅበሩ የመንግሥት ነው»። ይህ ወሬ ከየት መጣ? ከዚያ ዘመን ነው የመጣው። እናንተ ካልነገራችሁት ወሬው ብቻውን ይነግረዋል፣ በራሱ መንገድ።

የክልል ማኅበራት አሁን ባላችሁበት መልክ ያደጋችሁትም በዚሁ ዘመን ነው። አገሪቱ በፌዴራል ሥርዓት ስትዋቀር፣ በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ክልሎች ወረደ። ማኅበሩም አብሮ ወረደ። ትምህርት ቤት ላይ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል። ትምህርት በዚያ ጊዜ እጅግ ሰፋ፤ ትምህርት ቤት ያልነበረበት ቀበሌ ትምህርት ቤት አገኘ፣ የመምህሩ ቁጥር በእጥፍ ላይ እጥፍ ሆነ። የእናንተም አባል በዚያው ልክ አደገ።

አደገ ስትሉ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የተቀጠረው ሁሉ በራሱ ጊዜ አባል ከሆነ፣ ያደገው ማኅበሩ ነው ወይስ የመንግሥት ቅጥር? አንድ ክልል አምስት ሺህ መምህር ቢቀጥር ማኅበሩ ምንም ሳይሠራ በአምስት ሺህ ያድጋል። መዋጮውን የሚቆርጠው ደግሞ አሠሪው ነው። አሠሪው ቆርጦ የሚሰጠውን አሠሪው አንድ ቀን ሊያቆመው ይችላል። ይህን ከኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። በአሠሪ እጅ ያለ ገንዘብ ይዞ አሠሪን መሞገት ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ አዝንላችኋለሁ እንጂ አልፈርድባችሁም።

ሕጉም አልረዳችሁም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። በዚህ አዋጅ አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። እንግዲህ የግል ትምህርት ቤት መምህር ከባልደረቦቹ ጋር ሠራተኛ ማኅበር መሥርቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ይችላል። ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ስንቱ ደፍሮ ያደርገዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በመንገዱ ማዶ ያለው የመንግሥት መምህር ግን ይህ የለውም። ያለው ማኅበር «የሙያ ማኅበር» ነው። ይጠይቃል፣ ያሳስባል፣ አቋም መግለጫ ያወጣል። ተደራድሮ የሚያስር ሰነድ አይፈርምም። ስምምነት ቁጥር 98 ላይ የፈረመች አገር ውስጥ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች እስከሆኑ ድረስ፣ የመደራጀትና የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል። እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መምህርን በዚህ መብት ውስጥ የሚያስገባ ሕግ አሁንም እየጠበቅን ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን ጥብቅ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ተክቶ ብዙ ነገር አላልቷል፤ ያ ጥሩ ነው። የድርድሩን ጥያቄ ግን አይመልስም። የክልል ማኅበራት ተሰባስባችሁ ይህን አንድ ጥያቄ በየምክር ቤታችሁ ብታነሡ፣ እኔ መዋጮዬ ሲቆረጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ የሕግ ወሬ ለብዙ መምህር ሩቅ ሊመስል ይችላል። ደመወዝ ሲዘገይ ግን ቅርብ ይሆናል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጀት ወደ ወረዳ ወርዷል፤ የመምህሩ ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳ ካዝና ነው። ከአብዛኛው ወረዳ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም የመምህራን ደመወዝ ነው። ወረዳው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነካው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በ2015 እና በ2016 በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደመወዝ እየዘገየና እየተቆራረጠ በመከፈሉ መምህራን ሥራ ያቆሙባቸው አካባቢዎች ነበሩ፤ ወላይታና ሀዲያ በዜና ደጋግመው ተነሥተዋል። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈለ የ17 ወር ደመወዝ አለ፤ የክልሉ መምህራን ማኅበር ጉዳዩን ሳይተው ይዞታል። ይህን ሳይ አንድ ነገር ይታየኛል። ችግሩ ወረዳ ላይ ነው፣ የእናንተ ጉልበት ግን ያለው ክልል ላይ ነው። ቢሮ፣ መኪና፣ ሙሉ ጊዜ ተመራጭ ያለው ክልል ላይ ነው። ወረዳ ላይ ያለው ተመራጭ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ በራሱ የስልክ ካርድ የሚሠራ ሰው ነው። ዝውውር የተከለከለው መምህር የሚመጣው ወደ እሱ ነው። የደረጃ ዕድገቷ የተያዘባት መምህርት የምትመጣው ወደ እሱ ነው። እሱን ደግሞ ነገ የሚያዘዋውረው ሰው የሚቀመጠው፣ ዛሬ እሱ ከሚቃወመው ሰው ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ከለላ የለውም።

ስለ ደቡብ ሳነሣ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የቀድሞው የደቡብ ክልል ዛሬ የለም። በ2012 ሲዳማ ወጣ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀረው ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለ። አንድ የነበረው ክልል አራት ሆነ። መኪናና ሕንፃ ሲከፋፈል ሁሉም ይጠነቀቃል። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤስ? የሠላሳ ዓመት የስብሰባ መዝገብ፣ የአቤቱታ ፋይል፣ የምርጫ ሰነድ የማን ድርሻ ነው? ሐዋሳ ይቀመጥ? ወላይታ ሶዶ ይሂድ? ሆሳዕና? ቦንጋ? ለታሪክ ስንል ቢያንስ በፎቶ አንሥታችሁ ለአራቱም ስጡ። ስልክ ያለው መምህር አይጠፋም፤ ክረምት ላይ ሁለት ወጣት መምህራን ብትመድቡ ያልቃል።

ጥያቄዬን ላጠቃልለው፣ የደብዳቤ ወግ ነውና። አንደኛው ጥያቄ የአባልነት ቅጽ ነው። ነባሩም አዲሱም አባል አንድ ገጽ ቅጽ ይሙላ። ለመግባትም ለመውጣትም ይፈርም። የሚወጣ ይኖራል፤ ይውጣ። ምናልባት የአባል ቁጥራችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀንሳል፣ ሪፖርታችሁም ላይ ያምር አይመስለኝም። ግን የቀረው አባል ፈርሞ የቀረ ነው፤ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣ ነው። ሌላው፣ ከመዋጮው ለመሠረታዊ ማኅበርና ለወረዳ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይበል፤ ስንት እንደሆነም በየስታፍ ሩሙ ይለጠፍ። የኦዲት ሪፖርቱም እንደዚያው። እኔ ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ አሁን የተለጠፈው የዐምናው የእግር ኳስ ውድድር ፕሮግራም ነው፤ ቦታ አለ ማለቴ ነው።

ታሪኩን በተመለከተ የምጠይቀው ትልቅ መጽሐፍ አይደለም። ሃያ ገጽ ይበቃል። 1941 ይኑርበት፣ 1966 በሁለት መስመር ሳይሆን በአራት ገጽ ይኑር፣ የቀይ ሽብር ሰለባ የሆኑ የክልላችሁ መምህራን ስም ይኑርበት፤ ቤተሰባቸው ከፈቀደ ፎቷቸውም። ከ1985 እስከ 2001 ያለው ክፍፍል በሁለቱም ወገን በነበሩ መምህራን አንደበት ይጻፍ። አንዱ ከሌላው ጋር ባይስማማ ሁለቱም እንዳለ ይታተም፤ አንባቢው መምህር ነው፣ መመዘን ያውቃል። የታሪክ መምህራን በየክልሉ አሉላችሁ፤ አማካሪ ድርጅት መቅጠር አያስፈልግም። እባካችሁ አማካሪ እንዳትቀጥሩ።

መስከረም 25 የዓለም መምህራን ቀን ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ ስለ መምህራን ደረጃ ያወጡትን የጋራ ምክረ ሐሳብ ለማስታወስ ነው። ምክረ ሐሳቡ የመምህራን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በመምህራን ድርጅቶችና በአሠሪዎቻቸው መካከል በሚደረግ ድርድር ይወሰን ይላል። በዕለቱ ቲሸርትና ኮፍያ ከምታድሉን የዚህን አንቀጽ የአማርኛ ትርጉም፣ በየክልሉም የሥራ ቋንቋ፣ በአንድ ወረቀት አትማችሁ ብትሰጡን ይሻለን ነበር። ቲሸርቱ ሁልጊዜም ልኩ አይሆንም።

መልሳችሁን ለእኔ መላክ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ «የአባልነት ቅጽ» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። የጉባኤ ተወካያችንን በዚያ ነጥብ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ ስታፍ ስብሰባ ላይ እንጠይቀዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር